የአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃው አንባቢ

ቆይ፣ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይሄን ጽሑፍ እንዴት አገኛችሁት? ፈልጋችሁ ነው? ሰው ልኮላችሁ ነው? ወይስ እንዲያው እግር ጥሏችሁ? አትታዘቡኝ፤ ለከንቱ ውዳሴ ብዬ አይደለም። ጭንቀት ይዞኛል። የጨነቀኝን እስክነግራችሁ ድረስ መልሳችሁን በሆዳችሁ ያዙልኝ።

እኔ የላሊበላ አስጎብኚ ነበርኩ። ነበርኩ ያልኩት ሙያው ጠፍቶኝ ሳይሆን እንግዳው ስለጠፋ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሲያወራ የሚውል አፍ ድንገት ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ጎረቤት ማማት ይጀምራል። እናቴ ታዘበችኝና "ወይ አግባ፣ ወይ ዝም በል" አለችኝ። ሁለቱም አቃተኝና ብሎግ ከፈትኩ።

ብሎግ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ደብተር ነው፣ ግን ዓለም ሁሉ ያየዋል አልኳት። "ዓለም ሁሉ ካየውማ ምኑን ደብተር ሆነ? ገበያ ነው እንጂ" አለች። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ትርጉም አልሰማሁም።

የከፈተችልኝ ብዙአየሁ ናት። ገበያው አፋፍ ላይ ስልክ የምትጠግን፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሣ፣ ምላሷ እሳት የሆነ ሴት። መቁጠሪያውንም ያሳየችኝ እሷው ናት። ስንት ሰው እንደመጣ፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ ምን ብሎ ፈልጎ እንደደረሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ባታሳየኝ ኖሮ ዛሬ ጤነኛ ሰው ነበርኩ።

ለካ ሰው ወደ አንድ ጽሑፍ የሚመጣበት መንገድ ጉድ ነው! አንዱ "የጥርስ ሕመም መድኃኒት" ብሎ ፈልጎ እኔ ዘንድ ከተፍ ብሏል። እንዴት? አንድ ጊዜ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ሥር እንግዶች ሳስጎበኝ ጥርሴ ተነሥቶብኝ፣ ጉንጬን ደግፌ ከጣሪያው ስለሚንጠባጠበው ጠበል እንዴት እንዳስረዳሁ ጽፌ ነበር። ሰውየው አራት ሰከንድ ቆይቶ ሄደ። አራት ሰከንድ! አንጀቴን በላው። እሱ በሽታ ይዞት መጥቶ እኔ ወሬ ሰጠሁት። በማግስቱ ከጽሑፉ ግርጌ "ጥርስህን ያመመህ ወንድሜ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ እኔን የተሻለኝ ሲነቀል ነው" ብዬ ጨመርኩ። ይመለስ አይመለስ እንጃ።

ሌላ ቀን ደግሞ ስሙን አስተካክዬ ከማልጠራው አገር መቶ ምናምን ሰው በአንዴ ጎረፈልኝ። ለእናቴ ነገርኳት፤ እልል አለች። ወደ ብዙአየሁ ሮጥኩ። አንዴ ገልመጥ አድርጋ አየችውና "እነዚህ ሰዎች አይደሉም፤ ማሽን ናቸው፤ ከገጽ ገጽ እየዞሩ ሲያሸቱ የሚውሉ" አለችኝ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እስካሁን በጸሎቷ ታስባቸዋለች።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ አሥር አሥራ አንድ አንባቢ ይዤ፣ በሰላም እኖር ነበር። ጉዱ የመጣው ከጭልፋው ነው።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት የሚያነሣን፣ ድንኳን የሚተክልልን፣ ንፍሮ የሚቀቅልልን እሱ ነው። የእኛ ቅሬ ዳኛ አያ ሞላ ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው። አንድ አመል ብቻ አላቸው። ሟች ተቀብሮ፣ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ አሁን ነፍስ ይማር ብለን ልንበተን ነው ስንል ብድግ ይላሉ። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ከቅሬው ዕቃ ቤት ስለጠፋው ጭልፋ መናገር ይጀምራሉ። ትልቁ ጭልፋ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው፣ የት ገባ? ጣሳዎቹስ? ትሪዎቹስ? ሌላው ዕቃስ? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ጭልፋ ነው። አንድም ቀን ተገኝቶ አያውቅም።

ታዲያ ሥራ የፈታ አፍ አያርፍምና እሱን ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። "አንድ የቅሬ ዳኛ አሉ" ብዬ ነው የጀመርኩት። "ሟቹ እንኳ ጭልፋው የት እንደገባ ቢያውቅ ኖሮ ተነሥቶ ነግሯቸው እፎይ ብሎ ይተኛ ነበር" ብዬ ነው የጨረስኩት። ስስቅ ዋልኩ። እኔ ስም አለመጥራቴን ተማምኜ! ለመሆኑ በመላው ላስታ በሰው ቀብር ላይ ስለ ጭልፋ የሚናገር የቅሬ ዳኛ ስንት አለ?

በሚቀጥለው ሳምንት መቁጠሪያውን ስከፍት አንድ እንግዳ ነገር አየሁ። እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ አንባቢ። ከሩቅ አይደለም፣ ከዚሁ ከእኛ አካባቢ። በፍለጋ አልመጣም፤ ከሌላ ገጽ ዞሮ አልመጣም፤ አድራሻዬን ያውቃል፣ ቀጥ ብሎ ነው የገባው። ያነበበው የጭልፋውን ጽሑፍ ብቻ ነው። የቆየው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

እንቁላል እስኪበስል የሚያልቅ ጽሑፍ እኮ ነው! አንድ ሰዓት ከአርባ ምን ይሠራበታል?

ስልኩን ክፍት አድርጎ ረስቶት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሚቀጥለው እሑድ ያው ሰው መጣ። በሚቀጥለውም። ሁልጊዜ አራት ሰዓት፣ ሁልጊዜ ጭልፋው፣ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ከአርባ ገደማ። ብዙአየሁን አማከርኳት። ስክሪን እየፈታች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ወይ ወዶሃል፣ ወይ ሊከስህ እየገለበጠ ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ማን ይወደኛል?

አሁን የፈራሁትን በግልጽ ልንገራችሁ። ቅሬ ካባረረህ አለቀልህ። ከእሳት ከውሃ ይከለክሉሃል። ከቤትህ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም። እኔ ለራሴ ግድ የለኝም ነበር። ጭንቁ እናቴ ናት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትዘጋጅ የኖረችው ለቀብሯ ነው። ብልባላ ሰው ሞተ ከተባለ ገደሉን በእግሯ ትወርዳለች። ፍላቂት ድረስ በሚኒባስ ተጨናንቃ ሄዳ አልቅሳ መጥታለች፤ ሟቹን አታውቀውም። ለምን ስላት "እኔ ሳልቀብር ማን ይቀብረኛል?" ትለኛለች። የመገነዣ አቡጀዲዋን ገና ድሮ ገዝታ፣ አጥባ፣ አጥፋ፣ ጓዳ ባለው ጆሮው በተሰበረ ጎላ ድስት ውስጥ፣ አይጥ እንዳይበላው ሰፌድ ገጥማ፣ ድንጋይ ጭናበት ታስቀምጠዋለች። ይቺን ሴት ነው እንግዲህ በአንድ ጭልፋ ሳቢያ ቀባሪ የማሳጣት!

ማጥፋት አለብኝ አልኩ። መልሼ ደግሞ፣ ካጠፋሁት ጥፋቴን ማመኔ ነው አልኩ። ስብሰለሰል ሌላ ሳምንት አለፈ። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን ዐረፉና ቀብር ሄድን። ሥርዓቱ አለቀ። አያ ሞላ ብድግ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዉ ጭልፋውን ሊሰማ ተመቻቸ። እሳቸው ግን "ነፍስ ይማር፤ ወደየቤታችን" ብለው ቁጭ።

ጭልፋ የለም! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ! ሰዉ ሁሉ ዞር ብሎ እኔን ያየኝ መሰለኝ። እናቴ "ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?" አለችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት። ደመና ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ጽሑፉን ከገጹ አነሣሁት። እፎይ አልኩ። እፎይታዬ አንድ ቀን እንኳ አልሞላም። እሑድ ረፋዱ ላይ የቅሬው ለፋፊ ደጃችን ቆመ። ለፋፊ ማለት ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፍቶ የሚያረዳው ነው፤ ለሌላ ነገር ደጅ አይመጣም። እናቴ ደንግጣ "ማን ሞተ?" አለችው። "እስካሁን ማንም" አለ፣ እኔን እያየ። "ልጅዎን ቅሬው ይፈልገዋል። አሁኑኑ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ለእናቴ በመንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝ፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ "ቀድመህ እኔን ቀብረኸኝ ቢሆን ምናለበት?" አለችና ከፊቴ ቀድማ ሄደች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ወይራው ሥር አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። አያ ሞላ መሐል ናቸው። አጠገባቸው የቅሬው ጸሐፊ ካሳው ስልኩን ይዞ ይጎረጉራል። እጅ ነሥቼ ቆምኩ።

አያ ሞላ "ምነው ልጄ፣ ምን በደልንህ?" አሉኝ።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀጠሉ። ከቅዳሴ በኋላ ካሳው ያንን ያንተን ጽሕፈት ያነብልን ነበር፣ በየእሑዱ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ዛሬ ቢከፍተው የለም፤ ለምን አነሣኸው? አሉኝ።

በቃ፣ ምስጢሩ ይሄ ነው። አንድ የመሰለኝ አንባቢ አርባ ሰው ነው። ካሳው አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ "እሱ እንኳ ውሸት ነው" ትላለች፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ክርክር ይነሣል፣ እንደገና "ከመጀመሪያው አንብበው" ይባላል። አንድ ሰዓት ከአርባ እንዲያውም ጥሩ ፈጥነዋል። እኔ አሥራ አንድ አንባቢ ብዬ ስቆጥር!

ደግሞም ተአምር ሠርቷል አሉ። የመጀመሪያው እሑድ በተነበበ በማግስቱ ጭልፋው ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ተገኘ። በሁለተኛው ትሪዎቹ። ከዚያ ጣሳዎቹ፣ ሁለት ሁለት እያሉ። "እኔ በየቀብሩ ስለፈልፍ ማንኪያ ያልመለሰ ሰው፣ ያንተን ጽሕፈት ሲሰማ አፍሮ መለሰ" አሉ አያ ሞላ። ለካ በቀብሩ ዕለት ስለ ጭልፋ ያልተናገሩት ጭልፋው ስለተገኘ ነው። እናቴ ከኋላዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"አሁን የቀረው ዋናው ዕቃ ነው" አሉ። "እሱ ሳይመለስ ጽሕፈቱን ማንሣትህ ሌባውን ታውቀዋለህ፣ ትሸሽገዋለህ ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ከቅሬ ያስወጣል። ስለዚህ ያኛውን መልሰህ ትሰቅላለህ፤ ለሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ስለ ቀረው ዕቃ ብቻ አዲስ ትጽፋለህ።"

ደስ እያለኝ ዕቃው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ።

"ጎላው ነዋ። ቂጡ ላይ ቀይ ቀለም ያለው። አንድ ጆሮው የተሰበረ።"

እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። እስከ ዛሬ ሰንበሩ አለ።

ቤት ስንገባ በሩን ዘጋሁና "እማ!" አልኳት። መጀመሪያ ካደች። ሰፌዱን አንሥቼ፣ አቡጀዲውን አውጥቼ፣ ጎላውን ገለበጥኩት። ቀይ ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ያኔ ነገሩን ዘረገፈችው። የአባቴ ተዝካር ጊዜ ነው ያመጡት፤ ነገ እመልሳለሁ ስትል ዝናብ ሆነ፤ ከዚያ ሐዘን ሆነ፤ ከዚያ አያ ሞላ በየቀብሩ "ሌባ" እያሉ መናገር ጀመሩና እንዴት ብላ ይዛው ትውጣ? ስለ ጭልፋው ሲነገር እሷም ከሰው ጋር ከንፈሯን ትመጥ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ግን የዕቃ ነገር እንዳይነሣ ፈርታ ወይራው ሥር ሳትቀመጥ ቤቷ ትገባለች። "እኔ እኮ ሌባ አይደለሁም፤ ዘገየሁ እንጂ" አለችኝና አለቀሰች። እኔም አብሬያት ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለውን ተረት ሳስበው ግን፣ የሰውን ሳማስል የነበርኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ ጎላውን በጀርባዬ አዝዬ ወጣሁ። ጆሮው ስለተሰበረ በእጅ አይያዝም። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ላወርድ ስል አንድ ሰው አጎንብሶ አየሁ። ጋቢውን ተከናንቦ ሁለት ጣሳ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ቀና አለ።

አያ ሞላ ናቸው።

እሳቸው ጎላዬን አዩ፣ እኔ ጣሳቸውን አየሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በዚያ ሰዓት ምን ይባላል? እንደምን አደሩ አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ከዚያ መጥተው ጎላውን በአንድ ወገን ያዙልኝና አብረን አወረድነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። ጽሑፌ መጀመሪያ የተነበበ ዕለት በዱላ ሊመቱኝ አስበው ነበር አሉ። ተናደው ቤታቸው ገቡ። ምሳ ቀረበ። ወጡ በምን ወጣ? ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም ባለው ጭልፋ። ጓዳ ገብተው ሲያዩ ትሪውም ጣሳውም እዚያው ነው። ባለቤታቸው በየድግሱ ታመጣለች፣ ለመመለስ ትረሳለች። "ስንት ዘመን የጮኽኩት በገዛ ቤቴ ላይ ነው" አሉኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን ቢመልሱት ከአንድ ቤት እንደወጣ ይታወቃል ብለው፣ እሑድ ባስነበቡ ቁጥር በማግስቱ ጥቂት ጥቂት ሲያወጡ ከረሙ። ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

አስባችሁታል? አርባ ሰው ሰማ፤ አርባው ሳቀ። ጽሑፉ የነካው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም የተሰደበው። መቁጠሪያው ለካ ልክ ነበር። አንድ አንባቢ ብሎኝ አልነበር?

ስንለያይ አያ ሞላ "አልተያየንም" አሉኝ። አልተያየንም አልኩ።

እሑድ ቀን ተነሥተው ጎላው መመለሱን አበሰሩ፤ ማን እንደመለሰው አይጠየቅም፣ ጽሕፈቱም ይበቃል ብለው ነገሩን ሊዘጉ ሞከሩ። ግን የእኛ አገር ሰው ዕቃው ተመልሶለት መች ያርፋል? ታሪኩም ይመለስልኝ ይላል። አሁን ወይራው ሥር ወሬው ሁሉ "መመለሱስ ተመለሰ፤ የወሰደው ማን ነበር?" ሆኗል። እናቴ ከዚያ ወዲህ ቀብር ስትሄድ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። አቡጀዲዋን አሁን የአስጎብኚነት ቦርሳዬ ውስጥ ከታዋለች። እንግዳ ቢመጣ በምን ልይዝ ነው ብላት "ከእንግዳና ከሞት የቱ የሚቀድም ይመስልሃል?" አለችኝ።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን ጻፍከው ትሉኝ ይሆናል። ለሰው ካልነገርኩት ሆዴ ሊፈነዳ ሆነ። ለዚህ ብዬ አዲስ ብሎግ ከፈትኩ። ስሜ የለበትም። ለብዙአየሁ እንኳ አልነገርኳትም። አያ ሞላ ያልኳቸው ሞላ አይባሉም። ካሳውም ካሳው አይደለም። ጎላውን ግን ምን ብዬ ልቀይረው? ሰው ባያገኘው ይሻላል፤ በሕይወቴ አንባቢ እንዳይመጣልኝ የጸለይኩት ለዚህ ጽሑፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አብቅቼ ነበር። ከለጠፍኩት ሦስት ቀን ሆነው። ይቺን ከታች ያለችውን የጨመርኳት ዛሬ እሑድ ነው፤ መቁጠሪያውን ሳልከፍት ብውል ምናለበት!

አንባቢ፦ አንድ። አካባቢ፦ እዚሁ እኛ ዘንድ። ፈልጎ የመጣበት ቃል፦ "የቅሬ ጎላ የወሰደው ማን ነው"። የቆየበት ጊዜ፦ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

እናንተ ናችሁ? እባካችሁ፣ እናንተ ናችሁ በሉኝ።